ታውኖና መልስ የነሳው ጫካ

በዚያ መንደር ጫካ የሚገባ ወንድ ሁሉ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የነሐስ ፊሽካ የተሠራው በአንድ ቤት ነበር፤ በታውኖ ቤት። ታውኖ ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ እንዳደረጉት ጀልባ አልገዛም። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ብረት እያሽከረከረች የምትቀርጽ ትንሽ ቶርኖ ገዛና፣ ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ ባዶውን በቀረው የወተት ክፍል፣ ሐይቁ በሚታይበት መስኮት ሥር ተከላት። ሚስቱ ሳይሚ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆማ አየቻትና፣

«ይቺ ደግሞ ምን ትበላለች?» አለችው።

«ብረት።»

«ይሁና። ከላሞቹ ትሻላለች፣ ሌሊት ተነሺና እለቢኝ አትልም።»

ከዚያ በኋላ የአደን ዕቃው ያስቸገረው ሁሉ ወደ ወተት ክፍሉ መምጣት ለመደ። ጣቶቹ የደረቁበት አዳኝ የጠመንጃውን መቀርቀሪያ መጨበጥ ሲያቅተው፣ ታውኖ መዳፍ የሚሞላ ድቡልቡል እጀታ አወጣለት። ሌላው እጀታው የሚወዛወዝ ቢላ ይዞ ሲመጣ የነሐስ ቀለበት አጠለቀለት። ታውኖ ግን ዕቃውን ተቀብሎ ወዲያው ቶርኖው ላይ አያስረውም። መስኮቱ ላይ ያስቀምጠውና ሲገባና ሲወጣ ያየዋል። ለምን እንደተበላሸ ሳያውቅ የጠገነው ነገር ያልጠገነው ያህል ይቆጠቁጠው ነበር። «ሠርቷል እኮ፣ ምን ቀረህ?» ሲሉት፣ «መሥራቱንማ አየሁ። ያቆመበትን ምክንያት ግን አልነገረኝም» ይል ነበር።

ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው ፊሽካው ነው። በዚያ አገር በጥድ ጫካ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቆቅ አለች፤ ፒዩ ይሏታል። ፒዩ የምትታደነው በመሮጥ አይደለም፣ በመቀመጥ ነው። አዳኙ ብቻውን ይገባል፤ ጀርባውን ለዛፍ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ፊሽካውን እንደ ወንዱ ቆቅ አቅጥኖ ይነፋና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ወንዱ ቆቅ በክልሉ ሌላ ወንድ የገባበት ይመስለውና በፉጨት ይመልሳል፤ እየመለሰም ይቀርባል። ካልመለሰ አይመጣም፤ ካልመጣም በዚያ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ውስጥ ዓይን አያገኘውም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ጠመንጃውን ቢያውስ እንኳ ፊሽካውን አያውስም።

ታውኖን የገጠመው ችግር ይህ ነበር፤ ጫካው መመለስ ተወ።

መጀመሪያ የአየሩ ጠባይ ነው አለ። በተከታዩ ዓመት መጸው ደግሞ ጫካው ስለተጨፈጨፈ ነው አለ። ነገር ግን ከሐይቁ ሰላጤ ማዶ የሚኖረው የልጅነት ጓደኛው ኦስሞ በየሳምንቱ ቆቅ ይዞ በታውኖ ደጅ ያልፋል። አንድ ቀን ሁለቱን አንስቶ ለሳይሚ ሰጣትና ወደ ወተት ክፍሉ ብቅ አለ።

«ከየት ነው ያገኘሃቸው?» አለው ታውኖ።

«ከየት ይሆናል፣ ከረግረጉ ዳር ነዋ።»

«ትናንት እዚያው ዋልኩ። አንድም የመለሰልኝ የለም።»

«አሽትቶሃል ማለት ነዋ። ያን ኮት ከታጠበ ስንት ዘመኑ ነው?»

«ቆቅ አያሸትም።»

«አንተን ግን ሳያሸት አልቀረም» አለና ኦስሞ ወንበሩን ስቦ የቀረበለትን ቀጭን ቡና ጠጣ።

እሱ ሲሄድ ታውኖ የራሱን ፊሽካ ከአንገቱ አውልቆ ነፋው። ሽው የሚል ትንፋሽ ብቻ ሰማ። ደግሞ ነፋው፤ አሁንም ትንፋሽ ነው። ፊሽካው ድሮ እንደ መርፌ ቀጭን፣ እንደ መርፌም የሚወጋ ድምፅ ነበረው። መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ከረመ። በመጨረሻ የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነበር፤ ትንፋሹን የሚሰነጥቀው የነሐሱ ጠርዝ በዘመን ብዛት፣ በምራቅና በእስትንፋስ ተበልቷል። ሁሉንም ፊሽካዎች ያወጣቸው ከአንድ የነሐስ ዘንግ ስለሆነ፣ የእሱ ከተበላ የሁሉም ተበልቷል።

ፊሽካውን ቶርኖው ላይ አሰረው። የፊሽካ ነገር ቀላል ነው፤ ውስጡ ያለው ባዶ ክፍል ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲረዝም ይወፍራል። ታውኖ ጠርዙን አሹሎ ውስጡን ትንሽ አስረዘመው፤ ነፋው፤ ትንፋሽ ነው። ጨምሮ አስረዘመው። ወርቅ የመሰለው ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ደግሞ ሲነፋው ድምፅ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ክፍሉን የሞላ ድምፅ። ታውኖ ለብቻው ፈገግ አለ።

ጥሩውን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን በተበላ ፊሽካ ጫካ የሚልክ ሰው አልነበረም። አደኑ ሳይከፈት የመንደሩን ወንዶች ሁሉ ፊሽካቸውን አስመጥቶ አንድ በአንድ አስረዘመላቸው። ሊወስዱ ሲመጡ እሱ ፊት ይነፉታል፤ ነፍተውም እርስ በርስ ይተያያሉ። በዚያ መንደር ደግሞ የሰውን የእጅ ሥራ ፊት ለፊት ማንቋሸሽ ነውር ነው። ጎረቤት ያሳረረችውን ዳቦ ብታቀርብላቸው እያመሰገኑ ይበሉታል እንጂ አረረ አይሏትም። ኦስሞ የራሱን ነፋና ለረጅም ጊዜ ፊሽካውን እያገላበጠ አየው።

«ድምፁ ጠንካራ ነው» አለ።

«ጠንካራ ነው አይደል?» አለ ታውኖ፣ ምስጋና መስሎት።

«በጣም ጠንካራ ነው።»

በዚያ መጸው ታውኖ በየጠዋቱ ብርድ ልብስ አንጥፎ ጥድ ሥር ተቀመጠ። ፊሽካው አማረ፤ ጫካው ግን መልስ ነሳው። ሰልችቶት ሊመለስ ሲል፣ ከረግረጉ ዳር ኦስሞን ከሩቅ አየው። ኦስሞ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። የታውኖ ፊሽካ በማሰሪያው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በከንፈሩ የያዘው ግን ሌላ ነው፤ ቢጫ፣ ከሱቅ የሚገዛ የፕላስቲክ ፊሽካ። ሲነፋው ጉንጩ ሲነፋና ሲሟሽሽ ይታያል።

ታውኖ ሳይታይ ወደ ኋላው ተመለሰ። ቤት ሲገባ ሳይሚ የጨው ዓሣና ድንች አቀረበችለት፤ በልቶ ተነሣ። በኦስሞ አልተናደደም ማለት ውሸት ነው። ሆኖም ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ይጭረው ነበር። በዚህ መንደር እሱን ሰው ያሰኘው ያ ፊሽካ ነው። ፊሽካው ከተጣለ ታውኖ ጡረተኛ ብቻ ነው፤ እንደ ሌሎቹ መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገድ የሚያይ። ታዲያ የእሱ ጠርዝ የተሳለ ነሐስ ያላደረገውን ያ ቢጫ ፕላስቲክ እንዴት ነው የሚያደርገው?

በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ትልቁ መንደር ወረደና ቢጫውን ፊሽካ ገዛ። መኪናው ውስጥ ነፋው፤ ሽው። ደግሞ ነፋው፤ ያው ሽው። ተመልሶ ገባ። ባለሱቋ ማይሬ አንድ ክፍል አብራው የተማረች ሴት ናት።

«ይኼ አይሠራም» አላት።

«ምን ሆነ?»

«ትንፋሽ ብቻ ነው።»

ማይሬ በመጎናጸፊያዋ ጠርጋ ወደ አፏ አስጠጋችውና ነፋችው። ታውኖ ጉንጯ ሲነፋ አየ። በሩ ላይ የታሰረ ውሻ ተኝቶ ነበር፤ ብድግ ብሎ ጆሮውን አቆመ፣ ራሱንም ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ድንች የምትመርጥ አሮጊት ጆሮዋን ያዘች።

«ወይ አንቺ ሴትዮ፣ ጭንቅላቴን በሳሽው እኮ።»

«ይሠራል» አለች ማይሬ። «ምኑ ነው ያልሠራው? ልቀይርልህ?»

ታውኖ ውሻውን ያይ ነበር። ውሻው አሁንም ድምፁ የመጣበትን እየፈለገ ነው።

«እስቲ አንዴ ድገሚው።»

«ኧረ አትድገሚው» አለች አሮጊቷ። ማይሬ ግን ደገመችው። የውሻው ጆሮ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ለታውኖ በሱቁ ውስጥ የነበረው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ይሠራል» አለ ታውኖ ቀስ ብሎ። «አትቀይሪው። ደኅና ነው።»

ለሳይሚ አልነገራትም። መጀመሪያ ማወቅ ፈለገ። ወተት ክፍሉ ገብቶ ከነሐስ አንድ ረዘም ያለ ፊሽካ አወጣ፤ ኋላው ክፍት ነው። በዚያ ክፍት በኩል እንደ ሐኪም መርፌ መግፊያ ልክክ ብሎ የሚገባና የሚወጣ ዘንግ አበጀለት። ዘንጉ ሲገፋ ባዶው ክፍል እያጠረ ድምፁም እየቀጠነ ይሄዳል። አየር እንዳያሾልክ ዘንጉን ደጋግሞ በስስ በስሱ ፋቀው። ሲጨርስ መስኮቱን ከፈተና ሳይሚን ጠራት።

«ሄደሽ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ቁሚ። እስከሰማሽ ድረስ እጅሽን ወደ ላይ ያዢ። መስማት ስትተዪ አውርጂ።»

«ምኑን ነው የምሰማው?»

«እሱን ነው እኔም የምፈልገው።»

«ድንች ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«ድንቹ አይሸሽም።»

ሳይሚ ሄዳ ቆመች፤ እጇንም ልክ እንደ ተማሪ አነሣች። ታውኖ ነፋ። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ሁለቱም ሰሙት። ዘንጉን ትንሽ ገፍቶ ነፋ፤ ትንሽ ገፍቶ ነፋ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ ከዚያ ከታውኖ ጆሮ ውስጥ ክር እንደሚሾልክ ሾልኮ ጠፋ። ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። ሳይሚ እጇ እንደተነሣ ነው። ዘንጉ ላይ በመጫሪያ ጫረና ቀጠለ። ገፍቶ ይነፋል፤ ቀና ይላል፤ እጇ እላይ ነው። በሌላኛው እጇ አፍንጫዋን ታካለች። ደግሞ ይገፋል፣ ይነፋል። ብዙ ከገፋ በኋላ ሳይሚ ራሷን ነቀነቀችና እጇን አወረደች። ታውኖ እዚያም ጫረ።

ዘንጉን አውጥቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው። አንዱ ጭረት የእሱ ነው፣ አንዱ የሳይሚ ነው። በመካከላቸው የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ አለ። ቢጫውን ፊሽካ ለክቶ አስተያየው፤ ልክ እዚያ መሃል ገባ። ቆቁም ፉጨቱም ያሉት እዚያ ነበሩ። ታውኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ያን ጠባብ ቦታ እያየ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ማዘኑ የመጣው ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው መደነቅ ነበር። አንድ ጫካ ሙሉ ነገር እንዴት እዚህች ውስጥ ገብቶ ይጠፋል?

ሳይሚ ገባች።

«ታዲያ ተገኘ?»

«ተገኘ። የተበላው ነሐሱ አይደለም።»

ጭረቶቹን አሳያት። ሳይሚ መነጽሯን አድርጋ አየቻቸው።

«እኔ ይኼን ከነገርኩህ ስንት ዓመቴ ነው።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«በየበጋው ነዋ። ቢንቢ ገብቷል ስልህ፣ አልገባም ብለህ ትተኛለህ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳጨበጭብ አድራለሁ።»

«ቢንቢ የሌለ መስሎኝ ነው።»

«አየህ፣ ቆቁም እንደዚያው ነው።»

ታውኖ ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የቀረው ነገር የታየው። ያስረዘመው የራሱን ፊሽካ ብቻ አይደለም፤ የመንደሩን ፊሽካ ሁሉ ለገዛ ጆሮው እንዲመች አድርጎ ፍቆታል። የተፋቀ ነሐስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

የአጋዘን አደን ከመከፈቱ በፊት አዳኞቹ በማኅበራቸው ጎጆ ተሰብስበው የአተር ሾርባ የሚበሉበት ልማድ አለ። በአደኑ ማን የት ተቀምጦ እንደሚጠብቅ የሚደለደለው በዚያ ቀን ነው። የማኅበሩ መሪ አርቪ ድልድሉን ሲጨርስ ታውኖ ተነሣ። በስብሰባ ላይ የማይናገር ሰው ስለነበር ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«የቆቅ አደን ሊከፈት ሲል ፊሽካችሁን ተቀብዬ አበላሽቼባችኋለሁ» አለ። «ጥፋቱ የጆሮዬ ነው። ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም። እኔ የሚሰማኝን ድምፅ ነው የሠራሁላችሁ። ይኼ የእኔ ነው። እያወቃችሁ ዝም ያላችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ፤ እሱ ደግሞ የእናንተ ነው።»

ሁሉም ሾርባውን ተመለከተ። አንዳንዱ እጁን ወደ አንገቱ ሰድዶ የታውኖን ፊሽካ ዳሰሰው፤ ሁሉም አንገታቸው ላይ ያደረጉት ለእሱ ክብር ሲሉ ነው እንጂ አንዳቸውም አይነፉትም።

«እኔ ነግሬህ ነበር» አለ ኦስሞ በመጨረሻ።

«ምን ብለህ?»

«ድምፁ ጠንካራ ነው ብዬሃለሁ።»

«ምን ማለትህ ነበር?»

«ብነፋው የሐይቁ መርከብ ይመጣል ማለቴ ነበር።»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ጠረጴዛውን ዞረ። ታውኖም ፈገግ አለ፣ ግን አልተቀመጠም።

«ስጡኝና ላስተካክላቸው። ውስጣቸውን የሚያሳጥር ውታፍ እከትባቸዋለሁ።»

«አትቀየመኝ ታውኖ» አለ አርቪ። «የማትሰማውን ድምፅ በምን ታስተካክለዋለህ? ለክተህ ነው?»

«ልኬት እስከ አፋፉ ያደርሰኛል። የመጨረሻዋን ፀጉር የምታህል ነገር ጆሮ ነው የሚያውቃት። ሳይሚ ትሰማለች።»

«ሳይሚ ቆቅ አድና አታውቅም።»

«አድና አታውቅም። ከኩሽና መስኮት ሆና ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች። እኔ ጠይቄያት አላውቅም እንጂ።»

ኦስሞ ማሰሪያውን በራሱ ላይ አሳልፎ አወለቀና ፊሽካውን በሾርባ ሳህኖቹ መካከል አንሸራትቶ ላከለት።

ከዚያ በኋላ ወተት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው መቀመጥ ጀመረ። ታውኖ የስንዴ ፍሬ የምታህል የነሐስ ውታፍ ያወጣል፤ ፊሽካው ውስጥ ይከታል፤ ይነፋል። ሳይሚ የተገለበጠ የወተት ጋን ላይ ተቀምጣ ካልሲ እየሠራች ትፈርዳለች። መጀመሪያ «ወፍራም ነው» ወይም «ቀጭን ነው» ከማለት አታልፍም ነበር። እየዋለች እያደረች አመል አወጣች።

«ይኼኛው ጉንፋን ይዞታል።»

«ልኩ ከሌላው ጋር አንድ ነው።»

«ልኩን አላውቅም። ይኼ ቆቅ ታሟል።»

ታውኖ እያጉረመረመ አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ የፊሽካውን አፍ መረመረ። በጠርዙ ላይ ከፀጉር የቀጠነች የነሐስ ስንጣሪ ቀርታ ነበር። ፋቃት። ነፋ።

«ዳነ» አለች ሳይሚ፣ ከካልሲዋ ቀና ሳትል።

ታውኖ ሥራውን አቁሞ አያት። ይህን ያህል ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ይህች ሴት ሌላ ምን ምን ትሰማ እንደነበር ለማወቅ ፈለገ። ጠየቃትም። የሐይቁ በረዶ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ጣሪያው ሥር ያሉትን የሌሊት ወፎች ነገረችው። የሌሊት ወፍ ድምፅ እንዳለው ታውኖ አያውቅም ነበር።

ያም ሆኖ ፊሽካዎቹን ለባለቤቶቻቸው አልመለሰም። አንድ ጊዜ በራሱ ጆሮ አምኖ አሳስቷቸዋል፤ አሁን በሳይሚ ጆሮ ብቻ አምኖ ሊደግመው አልፈለገም። ፍርዱን ጫካው ራሱ እንዲሰጥ ፈለገ። በዚያ አገር ፒዩ ሊያድን ሚስቱን አስከትሎ የሚገባ ወንድ ታይቶ አይታወቅም፤ መሳቂያ ነው። ታውኖ ግን የኦስሞን ፊሽካ ይዞ፣ ሳይሚን አስከትሎ፣ ውርጩ ሳሩን ነጭ ባደረገበት ጠዋት ረግረጉ ዳር ገባ። ጠመንጃ አልያዘም፤ የመጣው ለሥራ ነው። መንገድ ላይ ኦስሞ ጀልባውን ሲገለብጥ አያቸው።

«የት ነው?»

«ጫካ።»

«ሁለታችሁም? ሠርግ ነው እንዴ?»

«ያንተን ቆቅ ልናሳክመው ነው» አለችው ሳይሚ።

በአንድ ትልቅ ጥድ ግንድ ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ጎን ለጎን ተጠጋግተው ተቀመጡ። ምልክታቸው የእጅጌ ነበር፤ ቆቁ ከቀኝ ከመለሰ የታውኖን የቀኝ እጅጌ፣ ከግራ ከመለሰ የግራውን ትስባለች። ታውኖ ፊሽካውን ከከንፈሩ አገናኝቶ ነፋ። ለእሱ ሽው የምትል ትንፋሽ ነበረች። ፊሽካው እውነት ይናገር፣ ውሸት ይናገር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጠበቀ። ጫካው እንደለመደው ዝም ብሏል። እንደገና ነፋ፤ ጠበቀ። ብርዱ ከመሬቱ ወደ ዳሌው ወጣ። ኦስሞ ምን እንደሚል፣ አርቪ ምን እንደሚል በልቡ ማሰላሰል ጀመረ።

የቀኝ እጅጌው ተሳበ።

ራሱን ሳያንቀሳቅስ ዓይኑን ብቻ ወደ ቀኝ ላከ። ምንም የለም። ነፋ። እጅጌው ወዲያው ተሳበ፣ አሁን በኃይል። ከዚያ ክንፍ ሲርገበገብ ሰማ፤ ያ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ለእሱም ደረሰው። ግራጫ ነገር በዛፎቹ መካከል ተወርውሮ መጣና ከፊታቸው ባለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ወንዱ ቆቅ ነበር። ጉትዬውን አቁሞ፣ የገባበትን ባላጋራ እየፈለገ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አሰገገ።

ታውኖ ፊሽካውን ከአፉ አወረደ። ቆቁ ምንቃሩን ከፈተ። ከጉሮሮው ሥር ያለው ጥቁር ላባ ተንቀጠቀጠ፤ ደረቱ በትንፋሽ ሞልቶ ጎደለ። ታውኖ ያን ሁሉ አየ። አንዲት ድምፅ አልሰማም። ይህን ያህል ዘመን ሲያድን ቆቅ ሲያፏጭ እንዲህ ትኩር ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ጆሮው በሚሰማበት ዘመን ዓይኑ የሚቸኩለው ወደ ጠመንጃው ነበር። ቆቁ ምንቃሩን ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ።

ታውኖ ወደ ሳይሚ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ፣ «ምን እያለ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለችው ሳይሚ። «ገና አልጨረሰም።»